ሰማንያ አራት ቋጠሮ

በደቡብ ኦሞ፣ በዲመካ ሐሩር፣ ብርድ እየጠበቀ እንጀራውን የሚበላ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? የአስካል ሥራ ግን ይኸው ነበር። ወላጆቿ ከጎፋ መጥተው ጂንካ ላይ ጎጆ የቀለሱ፣ እሷም እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ነርስነት ተምራ፣ ኋላ የዲመካ ጤና ጣቢያ የክትባት ብርድ ጠባቂ የሆነች ሴት ናት። አንገቷ ላይ ሁልጊዜ ቁልፍ ይንጠለጠላል። የወርቅ ሐብል ያላቸው ጓደኞቿ ሲያሾፉባት "የኔ ከናንተ ይበልጣል" ትላቸዋለች፤ ቀልድ ይመስላቸዋል።

ቁልፉ የፍሪጅ ነው። በጤና ጣቢያው ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል የቆመ፣ በፀሐይ የሚሠራ ነጭ ፍሪጅ። እሱ ከመምጣቱ በፊት ክትባት ከጂንካ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ነበር የሚመጣው። አንድ ክረምት ደረቁ ወንዝ ድንገት ሞልቶ መኪናው ዳር ላይ ሁለት ቀን ቆመ፤ በረዶው ቀለጠ፤ አስካል የኩፍኝ ክትባቱን ብልቃጥ በብልቃጥ ደፋችው። በዚያ ወር ኩፍኝ አሥራ አንድ ሕፃን ገደለ። ማንም "ጥፋቱ ያንቺ ነው" አላላትም። እሷ ግን አሥራ አንዱንም በስም ታውቃቸዋለች።

ፍሪጁን ያመጣው የኮሮና ወረርሽኝ ነው። "ብሌን" የሚባለው ማኅበር፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ኖርዌይ ተሻርከው ያቋቋሙት፣ ደቡብ ኦሞ የገባው የዓይን ማዝ ለማጥፋት ነበር። ሠራተኞቹ መንደር ለመንደር እየዞሩ የዐይን ቆብ ሲገለብጡ ይውላሉ። በ2012 መጋቢት ኮሮና ገባ ሲባል ፈረንጆቹ አገራቸው ገቡ፤ የጂንካው ቢሮ ሊዘጋ ነው ተብሎ ዘበኛው ሳይቀር ሌላ ሥራ ማፈላለግ ጀመረ። ያን ጊዜ ናይሮቢ የምትቀመጠው የማኅበሩ ኃላፊ ዶክተር ዋንጂሩ በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ "በሽታው ሌላ ይሁን እንጂ መኪናው ያው መኪና ነው" አለች። "በየመንደሩ ውሻ የማይጮኽባቸው ሰዎችም እናንተው ናችሁ። ታዲያ ለምን እንዘጋለን?"

አልዘጉም። ዐይን ገላባጮቹ ናሙና ወሳጅ ሆኑ፤ ዓመቱ ሲዞር ደግሞ ክትባት ሰጪ ሆኑ። ለክትባቱ ሲባል ፍሪጅ ተገዛ። ዲመካ የተተከለ ለት አስካል እንደ ልጅ ዘለለች፤ ከኮሮናው ክትባት ጎን የኩፍኙን ደርድራ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

ችግሩ የመጣው ከሁለተኛው መርፌ ነው። ክትባቱ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፤ በመካከሉ ሰማንያ አራት ቀን አለ። ማኅበሩ ለዚህ ዘመናዊ ዘዴ ነበረው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ቀኑን አስልቶ በስልክ መልእክት ይልካል። ጂንካ ላይ ዘዴው እንደ ሰዓት ሠራ። ዲመካ ላይ ግን ስልክ ያለው ጥቂት፣ ያለውም ባትሪው የሞተበት፣ ባትሪ ያለውም ማንበብ የማይችል ነው። በመጀመሪያው ዙር ከተከተቡት መቶ ሃያ ሰዎች ቀኑ ሲደርስ የመጡት አሥራ አንድ ብቻ ሆኑ። አንድ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። አስካል ለአሥራ አንደኛው ሰው ሁለተኛ ብልቃጥ ከፈተች፤ ሲመሽ የዘጠኝ ሰው ክትባት ደፋች። ደግሞ መድፋት! ዕቃዋን ሳትሰበስብ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ቀረች።

በሳምንቱ የጂንካው አስተባባሪ አቶ ወልደሰማያት ጠሯት። አቶ ወልደሰማያት ደግ ሰው ናቸው፤ ከረባታቸውን ግን ለዲመካ ፀሐይም አይፈቱ፣ እንግሊዝኛቸውንም ለማንም አይቆጥቡ።

"ወይዘሪት አስካል፣ ኮሚቴው ሪፖርቱን አይቶታል። ድሮፕአውቱ ከፍተኛ ነው። በሚቀጥለው ዙር ከመቶው ሰው ሰማንያው ካልተመለሰ ፍሪጁ ይነቀልና ታርጌቱን ወደሚመታ ሌላ ዞን ይሄዳል።"

"ጋሽ ወልደሰማያት፣ ፍሪጁ ውስጥ እኮ የኩፍኝም አለ!"

"እኔም ያንኑ ብዬ ጽፌ ነበር" አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ፍሪጁ በኮሮናው በጀት ነው የተገዛው አሉኝ።"

ያን ለት አስካልን ወደ ዲመካ የመለሳት የማኅበሩ ሹፌር ፋንታሁን ነበር፤ በቀልድ ካልሆነ መሪ የሚይዝ የማይመስል ሰው። ይህ ፋንታሁን ክትባት ሲያመላልስ ከርሞ እሱ ራሱ ያልተከተበ ነው። "ጥርሴን ያመኛል"፣ "ጾም ላይ ነኝ"፣ "ሰኞ ይሁንልኝ" እያለ ስንቱን ሰኞ አሳልፏል።

በቅዳሜው ገበያ አስካል ፍየል ተራ አጠገብ ቆማ ሳለ አንድ የሐመር ጎልማሳ ወገቡ ላይ የተቋጠረ የዛፍ ልጥ አየች። እያየችው ሰውዬው ቢላዋውን አወጣና አንዷን ቋጠሮ ቆርጦ ጣለ። ሺህ ጊዜ ያየችው ነገር ነው። ሐመር ልጁ ለአቅመ አዳም ደርሶ ከብት ሊዘል ሲሆን ዘመድ የሚጠራው በዚህ ነው፤ በቀረው ቀን ልክ ልጥ ይቋጥርና ይልካል፤ ተጠሪው በየማለዳው አንድ ቋጠሮ ይቆርጣል፤ ቋጠሮው ያለቀ ለት ድግሱ ላይ ይገኛል። ሺህ ጊዜ አይታው አንዴም አላሰበችበትም ነበር። የገዛ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

ሮጣ የሄደችው ጌልታ ዘንድ ነው። ጌልታ በዲመካ ዙሪያ ቃሉ የሚሰማ የሐመር ሽማግሌ ነው። ወንድሙ ባለፈው ታኅሣሥ ሲያስል ሲያስል ጂንካ ተወስዶ እዚያው ቀርቷል፤ ሬሳውን የተሸከመው ጌልታ ነበር። መርፌውን መጀመሪያ የተወጋውም፣ ለሁለተኛው ከመጡት አሥራ አንዶች አንዱም እሱ ነው። በርኮታ በሚሏት ትንሽ የእንጨት መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ሐሳቧን ሰማት።

"አሥራ ሁለት ሳምንት ስለሆነ፣ አባ ጌልታ፣ አሥራ ሁለት ቋጠሮ አደርጋለሁ። በገበያ ቀን በገበያ ቀን አንድ ይቆርጣሉ።"

ጌልታ እስኪያስለው ሳቀ። "አንቺ አስካል! ቋጠሮ ቀን ነው። ሳምንት አይቋጠርም። አሥራ ሁለት ትሰጪኛለሽ፣ እኔ አሥራ ሁለት ቀን ቆርጬ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ምን ትሰጪኛለሽ? ውኃ?"

"ሰማንያ አራት ልቋጥር ነዋ!"

"ቋጥሪያ፣ ጣት የለሽም?" አለ። ከዚያ ሳቁን ተወና ፊቷን ትኩር ብሎ አየው። "ቋጠሮ የሰጠ ቃል ሰጠ። ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ" አለች አስካል። ከምታውቀው የማታውቀው ይበልጥ ነበር፤ ግን ማን ነግሯት!

አቶ ወልደሰማያት ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። ነገሩን ለዶክተር ዋንጂሩ ያስረዱት ግን እሳቸው ናቸው፤ "ኮሚዩኒቲ ቤዝድ ሪማይንደር" ብለው አሳምረው። ዋንጂሩ ማሳመሩን አልፋ አንድ ነገር ጠየቀች፤ "ይሄን ገመድ ይዞ ቀን የሳተ ሰው አለ?" አስካል "እስከ ዛሬ አልሰማሁም" ብላ መለሰች። "እንግዲያው ከኛ ኮምፒውተር ይሻላል፤ ቀጥሉ" አለች ዋንጂሩ። በሦስት አገር የተፈረመ መመሪያ በአንድ ጥያቄ ተለወጠ።

ለመቶ አርባ ሰው ሰማንያ አራት ቋጠሮ ስንት ይሆናል? አሥራ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ። አስካል ዲመካ ላይ ሱቅ ካለው ከነጋዴው ከአብዱልፈታሕ የሲባጎ ጥቅልሉን ሁሉ ገዝታ ጂንካ ወሰደች፤ ብሌን ቢሮ ዘጠኝ ቀን ሲቋጥር ሰነበተ። ዘበኛው ቋጠረ፣ ጸሐፊዋ ቋጠረች፣ ፋንታሁን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቋጠረ፣ አቶ ወልደሰማያት በስብሰባ መሐል ጠረጴዛ ሥር ቋጠሩ። ከረባታቸው አብሮ ሳይቋጠር የቀረው ለጥቂት ነው።

"አስኩ" አለ ፋንታሁን ጣቱን እያሸ፣ "ይሄ የሰው ባህል ግማሹን ይዘሽ ግማሹን ጥለሽ እንዳይሆን። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል።"

"ዝም ብለህ ቋጥር" አለችው።

በሐምሌ አሥራ ሰባት፣ በቅዳሜ ገበያ፣ መቶ አርባ ሰዎች የመጀመሪያውን መርፌ ተወግተው እያንዳንዳቸው ሲባጎ በእጃቸው ተቀበሉ። አስካል ራሷ ናት የሰጠቻቸው፣ በሁለት እጇ፣ ጌልታ እንዳስተማራት። ለራሷም አንድ አስቀርታ የፍሪጁ በር ላይ አሰረች፤ በየማለዳው አንድ ትቆርጣለች። ነሐሴ አለቀ፣ ጳጉሜን አለፈች፣ ዘመን ተለወጠ። ቋጠሮው ባጠረ ቁጥር የሷም እንቅልፍ አብሮ አጠረ። ከመቶ አርባው መቶ አሥራ ሁለት ካልመጡ ፍሪጁ ሄደ ማለት ነው። ገበያ ላይ ሰው ባየች ቁጥር ዐይኗ ወገቡ ላይ ነው፤ ሲባጎዋ አለች? አጥራለች?

ጥቅምት ስድስት ነጋ። አንድ ቋጠሮ ቀርቷል። ፍሪጁ ውስጥ ሰባ ዘጠኝ ብልቃጥ አለ፤ አሥራ አራቱ የዛሬዎቹ፣ ስልሳ አምስቱ ደግሞ ፍሪጅ ላልደረሰው ለኦሞራቴ ተቀማጭ። አስካል ከሌሎቹ አምስት ከታቢዎች ጋር ወንበር ደርድራ፣ ደብተር ዘርግታ፣ በሩ አጠገብ ቆመች። አቶ ወልደሰማያትም ከጂንካ ማልደው ደርሰዋል።

መጀመሪያ የተሰማው የጡሩምባ ድምፅ ነው። ከዚያ የቃጭል። ከዚያ በኮረብታው ወገብ ላይ አቧራ ተነሣ፤ ከአቧራው ውስጥ ሴቶች ወጡ፣ ፀጉራቸው በቀይ አፈርና በቅቤ አዲስ የተቀባ፣ እግራቸው ቃጭል የታሰረበት፣ እየዘፈኑ፣ እየዘለሉ። ከኋላቸው ወንዶች፣ ላባ የሰኩ። ከወንዶቹ ኋላ አሮጊቶች። ከአሮጊቶቹ ኋላ ሕፃናት። በምሥራቁም መንገድ እንዲሁ። በወንዙም በኩል እንዲሁ።

ፋንታሁን መኪናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆጠረ፤ አምስት መቶ ላይ ሰለቸው። "አስኩ" አለ ከላይ ሆኖ፣ "ሰርግ ጠርተሻል እንዴ?"

ሕፃናቱ ሳይቆጠሩ ስምንት መቶ ይጠጉ ነበር። ጤና ጣቢያው ፊት ያለውን ሜዳ ሞልተው፣ ዘፈኑን አቁመው፣ ተቀመጡ። ተቀምጠውም አስካልን ያዩ ጀመር። ከሕዝቡ መሐል ጌልታ በርኮታውን ይዞ ወጣና አጠገቧ መጣ።

"ድግሱ የታለ?" አላት።

"የምን ድግስ?"

"ቋጠሮ ሰጥተሻል። ቋጠሮ ለአንድ ሰው አይሰጥም፤ ለቤት ነው። ቤቱ መጣ። የጠራ ያበላል።"

ለአስካል አሁን ገባት። መቶ አርባ ሰው ቀጠርኩ ብላ መቶ አርባ ቤት ጠርታለች፤ በዓል ጠርታ ባዶ እጇን ቆማለች። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ሳይበላ፣ ሳይወጋ፣ ተዋርዶ ቢመለስ ከእንግዲህ ሁለተኛ መርፌ ቀርቶ የኩፍኝ ክትባት እንኳ ከእጇ አይቀበልም።

"አባ ጌልታ፣ ይሄን ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽም" አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ብነግርሽ ትፈሪያለሽ። ፈርተሽ ለሃያ ሰው ትሰጪያለሽ። የኔ ወንድም ሲሞት ቤቱ ሰላሳ ሰው ነበር። አንድ ሰው ተወግቶ ሰላሳው ይሙት?"

 አስካል ልትቆጣው ፈልጋ አልሆነላትም።

አቶ ወልደሰማያት ከረባታቸውን ፈቱ። በዲመካ ታሪክ ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። "ፋንታሁን፣ የመኪናውን ቁልፍ አምጣ" ብለው ወደ አብዱልፈታሕ መጋዘን ነዱ፤ ሲመለሱ የማሽላ ጆንያ በትከሻቸው ነበር፣ ኮታቸው በዱቄት ነጭቶ። አብዱልፈታሕም በሌላው ትከሻ። "እንግዳ ጠርቶ ጦም ማሳደር በኛም ነውር ነው" አለ ነጋዴው፤ ጎረቤቱን ሁሉ ቀስቅሶ ጎላ አስወጣ። ወዲያው እሳት ነደደ፣ ንፍሮ ተጣደ፣ የቡና ገለባ ሸፈሮ በየቅሉ ተቀዳ።

አስካል ግን ሌላ ጭንቅ ነበረባት። ለኦሞራቴ የተቀመጠውን ብልቃጥ ሦስቱ አገሮች ሳይፈርሙ መንካት አይቻልም፤ ፈራሚው ኮሚቴ ደግሞ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የሚሰበሰበው። ኔትወርክ ፍለጋ መኪናው ጣሪያ ላይ ወጣች። ስምንት መቶ ሰው ቀና ብሎ እያያት ናይሮቢ ደወለች።

"ዶክተር፣ ተሳስቻለሁ" ብላ ጀመረች። ሁሉንም ነገረቻት፤ ቋጠሮውን፣ ቤቱን፣ ድግሱን። "እነዚህ ሰዎች ዛሬ ማታ ይሄዳሉ። ሁለተኛ ለምኜ አላመጣቸውም።"

 ከወዲያ በኩል ዋንጂሩ እየሳቀች እንደሆነ አስካል ሰማች። "አስካል፣ ዓመት ሙሉ በሦስት አገር ተቀምጠን 'ሕዝቡን እንዴት እናምጣው' ስንል ነበር። አንቺ አምጥተሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ? አንድ ሰዓት ስጪኝ። የኦሞራቴ ምትክ በሳምንት ውስጥ ካልደረሰ እኔን ተጠያቂ አድርጊ።"

አንድ ሰዓት! አስካል ከጣሪያው ወርዳ ሕዝቡ ፊት ቆመች። ጠሪዋ እሷ ናት፤ መናገር አለባት። የምታውቃት የገበያ ሐመርኛ ለዚህ አትበቃም፤ በአማርኛ ተናገረች፣ ጌልታ ተረጎመላት።

"ቋጠሮ ስሰጥ ትርጉሙን በግማሽ ነበር የማውቀው" አለች። "መቶ አርባ ሰው ነበር የጠበቅሁት። ንፍሮው አሁን ተጥዷል። መድኃኒቱ ለመቶ አርባዎቹ አለ፤ ለናንተ ለሌሎቻችሁ ፈቃድ ጠይቄአለሁ፣ ገና አልመጣም። ብትቆጡኝ እውነታችሁን ነው። ግን እባካችሁ አትሂዱ። ወንዝ ሞልቶብኝ የደፋሁት መድኃኒት አለ፤ ልጆቻችሁ ሞተውብኛል። እንደገና መድፋት አልፈልግም።" 

ጌልታ የመጨረሻውን ቀስ ብሎ ተረጎመ።  ከፊት ረድፍ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ተነሥታ አንድ ነገር ተናገረችና ተመልሳ ተቀመጠች፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

"ምን አለች?"

"'ንፍሮ ሳልበላ የት እሄዳለሁ' ነው የምትለው" አለ ጌልታ። "በኩፍኝ ከሞቱት ከአሥራ አንዱ ሕፃናት የሁለቱ አያት ናት።"

ሰዓቱ ሳይሞላ ፋንታሁን ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ከጣሪያው ጮኸ። መልእክቱ አጭር ነበር። ናይሮቢ ፈርሟል። አዲስ አበባ ፈርሟል። የኖርዌዩ ሰው በልጁ ልደት መሐል ተነሥቶ ፈርሟል። አስካል ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች፤ ጡሩምባው እንደገና ተነፋ።

እንዲያ ያለ ቀን ዲመካ አይታ አታውቅም! ሰው አሥር አሥር እየሆነ በረድፍ ተቀመጠ፤ ብልቃጥ ተከፈተ፣ አሥሩም ክንድ ተወጋ፣ ብልቃጡ ባዶ ሆኖ ተጣለ፣ ሌላ አሥር ተቀመጠ። ባለ ሲባጎዎቹ ሲመጡ የመጨረሻዋን ቋጠሮ አስካል ፊት ይቆርጧታል። ከመቶ አርባው መቶ ሠላሳ ሦስቱ በእግራቸው መጡ። የቀሩት የሰባቱ ሲባጎም በዘመድ እጅ መጣ፤ ከተከፈተው ብልቃጥ የነሱ ድርሻ ለአምጪዎቹ ሆነ። አንዷ ትናንት ወልዳ ነው። አምስቱ ከብት ይዘው ሩቅ ናቸው፤ "በሦስት ቀን እንደርሳለን" ብለዋል፣ ኋላም ደርሰዋል። ሰባተኛዋን ሲባጎ ያመጣችው አንዲት መበለት ናት፤ ሃያ ስድስት ቋጠሮ ይቀራታል። ባሏን እባብ ነድፎት የሞተው ያን ያህል ቀን ሲቀር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚቆርጥ እጅ አልነበረም። አስካል ሲባጎዋን በሁለት እጇ ተቀብላ ሴትየዋን አቀፈቻት፤ ከዚያ ሴትየዋ ራሷ ከረድፉ ተቀመጠች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልሳ አምስተኛው ብልቃጥ ተከፈተ። ዘጠኝ ሰው ተቀምጧል። አሥረኛ የለም። አስካል ሜዳውን አየች፤ ያልተወጋ አዋቂ አልቀረም። አንድ ጠብታ ልትደፋ ነው። ያን ጊዜ ዐይኗ መኪናው ጎማ ሥር ንፍሮ የሚቆረጥም ሰው ላይ አረፈ።

"ፋንታሁን!"

"ሰኞ ይሁንልኝ፣ አስኩ፣ ጥርሴን…"

ስምንት መቶ ሰው ዞሮ አየው። ያቺ አሮጊት ሄዳ በክንዱ ይዛ አመጣችው። ዐይኑን ጨፍኖ ሲወጋ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከብት የዘለለ ጎረምሳ እንኳ እንዲያ አልተባለለትም። ስድስት መቶ አምሳ ሰው፣ ስልሳ አምስት ብልቃጥ፣ አንድም ጠብታ አልፈሰሰም። አስካል ባዶዎቹን ብልቃጦች ሁለቴ ቆጠረቻቸው፤ ከዚያ ጥግ ይዛ ሳቀች፣ አለቀሰችም።

የኦሞራቴ ምትክ በአምስተኛው ቀን ደረሰ። ስለ ፍሪጁ ግን ደብዳቤ አልመጣም። ጥያቄው ወደ ዋናው ኮሚቴ ሄዷል፣ በጥር ይወሰናል፣ ሌሎች ዞኖችም ጠይቀዋል ተባለ። አስካል ይህን ለጌልታ ስትነግረው በርኮታው ላይ ሆኖ ልጥ ይልጥ ነበር።  በማግስቱ የተቋጠረ ልጥ ይዞ መጣ።

"ለናይሮቢዋ ሴት ላኪላት።"

አስካል ቆጠረችው። ሰማንያ አራት።

"እኛን ይሄን ያህል አስጠብቃችሁናል" አለ ጌልታ። "እኛ መጣን። እሷም ትምጣ።"

ልጡ በጂንካ አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ናይሮቢ ሄደ። አስካል ቀኑን ጽፋ ከላከችው ወረቀት በቀር ሌላ ነገር አላከለችበትም። ለራሷ አንድ አምሳያ ሲባጎ ቋጥራ ፍሪጁ በር ላይ አሰረችና በየማለዳው መቁረጧን ቀጠለች። ከወዲያ አንድም ቃል የለም። ገና አለፈ። አቶ ወልደሰማያት ማጽናናት ሲሞክሩ "ቢዚ ይሆናሉ" ይላሉ፤ ራሳቸውም አላመኑት።

በጥር ሰባት አንድ ቋጠሮ ቀረ። ጌልታ ከማለዳው ፍየሎቹን እየነዳ መጥቶ ጤና ጣቢያው ፊት ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሕዝቡም መጣ። ረፋድ ሆነ። እኩለ ቀን አለፈ። አስካል "አባ ጌልታ፣ ብዙ አትጠብቅ፤ እነሱ በደብዳቤ ነው የሚናገሩት" ልትለው አፏን ስትከፍት የመኪና ድምፅ ተሰማ።

ሁለት ላንድክሩዘርና አንድ የጭነት መኪና ነበር። ከመጀመሪያው ላንድክሩዘር እጅጌዋን የሰበሰበች፣ ፀጉሯ ሽበት ጣል ያደረገባት ሴት ወረደች፤ አስካል በስክሪን ብቻ የምታውቃት ዋንጂሩ። በአንገቷ ላይ ልጥ አለ፣ አንድ ቋጠሮ የቀረበት። ከኋላዋ ረጅሙ የኖርዌይ ሰው ወረደ፣ የአዲስ አበባው ወረደ፣ ሌሎችም ወረዱ፤ ኮሚቴው በሙሉ፣ አሥራ አንድ ሰው፣ በፀሐዩ ዐይናቸውን እያጨናበሱ።

"ቋጠሮ ለአንድ ሰው አይሰጥም ብለሽኛል" አለች ዋንጂሩ። "ቤቴን ይዤ መጣሁ።"

ጌልታ ሲተረጎምለት አልሳቀም። ተነሥቶ በሁለት እጁ እጇን ያዘ። ከዚያ አገጩን ወደ ጭነት መኪናው ቀሰረ። "ያ ማነው?"

ሸራው ተገለጠ። ሦስት ነጭ ፍሪጆች፣ ገና ከነካርቶናቸው፤ ጎናቸው ላይ በትልቁ ተጽፎባቸዋል፤ ኦሞራቴ፣ ቱርሚ፣ ቀይ አፈር። ዲመካ የሚል አልነበረም።

አስካል ጽሑፉን ሁለቴ አነበበችው። "የዲመካውስ?" አለች።

"የዲመካው የት ይሄዳል?" አለች ዋንጂሩ። "የእናት ቤት ይነቀላል እንዴ? እነዚህ ልጆቹ ናቸው። ብርድ መጠበቅ የምታስተምሪያቸው አንቺ ነሽ።" ልጡን ከአንገቷ አውልቃ አስካል እጅ ላይ አስቀመጠችው።

አስካል ልጡን ይዛ ቆመች። የአሥራ አንዱ ሕፃናት ስም አንድ በአንድ በልቧ አለፈ፤ ከነሱ አንዱን እንኳ መመለስ አትችልም፤ የሚቀጥሉትን ግን፣ ኦሞራቴም ይሁኑ ቱርሚ፣ ወንዝ ሞልቶ አይወስድባትም። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፣ አልጠረገችውም።

"በድግስ ቀን አይለቀስም" አለ ጌልታ። ቢላዋውን አውጥቶ በእጀታው በኩል አቀበላት። "ቁረጪ፤ ሰው ርቦታል።"

ቆረጠችው።